የሰይድ ፕሮሰሰርና የአለምነሽ ሠርግ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ገና እንደከፈትኩ ሰይድ ደወለ። ሰይድ እዚሁ ደብረ ታቦር ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛዬ ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

«ሰብልዬ፣ ቶሎ ነይልኝ... ማሽኑ እየጠፋ አስቸገረኝ» አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

ስደርስ ስቱዲዮው ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች። አለምነሽ ትባላለች፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ ናት። ሰይድ የቀረጸው የእሷን ሠርግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው አባቷ አያ አየነው ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል... እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሠርጉ ያለ እሳቸው ተደረገ። ከዚያ ወጥተው ገሳይ ቤታቸው ገብተዋል። ግን አጥንቱ በደንብ ስላልያዘ በማግስቱ አርብ ጠዋት ለሌላ ቀዶ ጥገና ባሕር ዳር ሊወሰዱ ነው።

«አልሄድም አሉ» አለችኝ አለምነሽ። «ከዚያ መመለሴን ማን ያውቃል፣ ልጄን ስትዳር ሳላይ አልነቃነቅም ብለዋል። አታውቂያቸውም... አልሄድም ካሉ አይሄዱም።»

ቪዲዮው ተቆርጦ ተቀጥሎ አልቋል። የቀረው ኮምፒውተሩ አንድ ላይ አድርጎ እንዲያወጣው ብቻ ነው። ይህን ሲያዙት ግን ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ድርግም ይላል።

«ምኑን ነካካኸው?» አልኩት ሰይድን።

አቀረቀረ። «ኦቨርክሎክ አደረግኩት። ኢንተርኔት ላይ አይቼ... እንዲፈጥንልኝ ብዬ ነው። ሁሉንም መጨረሻው ላይ አደረስኩት።»

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ያው የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። የሰይድ ማሽን ይህን የሚፈቅድ ዓይነት ነው። ግን ሲፈጥን ይግላል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ሰይድ ፍጥነቱ ሳያንስ ቮልቴጁንም ጨምሮበታል። አለመቃጠሉ ዕድል ነው።

ልቆጣው ነበር... ግን ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። ጨንቆት ያደረገው ነው።

መጀመሪያ የሠርጉን ቅጂ ሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ገለበጥን። ማሽኑ ቢሞት ሠርጉ አብሮ እንዳይሞት። ከዚያ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩና አጥፍቼ ሽፋኑን ፈታሁት። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ጠረግኩት። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም አንስቼ አዲስ ቀባሁት።

አሁን አይጠፋም። ግን ስናሰላው የሚጨርሰው የገሳይ መኪና ካለቀ በኋላ ነው። አለምነሽን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እንጨምራለን» አልኩ። «ግን በጭልፋ አይደለም፣ በማንኪያ።»

ቮልቴጁን አልነካሁም። ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ ከባድ ሥራ እሰጠዋለሁ፣ ሙቀቱን አያለሁ። ደህና ከሆነ ሌላ ትንሽ። አንድ ቦታ ስንደርስ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰይድ ደነገጠ። እኔ ግን የምጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ አቅሜ እዚህ ድረስ ነው አለን ማለት ነው። ከዚያ በደንብ ዝቅ አድርጌ ተውኩት። መስኮቱንም ከፈትነው... የጉና ተራራ ንፋስ እንደሆነ በነጻ ይገባል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሰይድ በመሃል ለሶላት ተነስቶ ተመለሰ። የአለምነሽ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው። እኔ ሙቀቱን አያለሁ።

ጨረሰ። ላፕቶፕ ላይ ገልብጠን ሦስታችንም ለመጨረሻው የገሳይ ሚኒባስ ደረስን።

አያ አየነው መደብ ላይ ተጋድመው አገኘናቸው። «እንዴት ዋሉ» ስንላቸው «እግዜር ይመስገን፣ ግቡ» አሉን፤ ዓይናቸው ግን ላፕቶፑ ላይ ነው።

ድንኳኑን፣ ሚዜዎቹን፣ ጭፈራውን አዩ። ቪዲዮው ላይ አለምነሽ ተነስታ ጉልበት ልትስም ስትል አያ አየነው እጃቸውን አነሱ። በሠርጉ ዕለት በእሳቸው ቦታ የተቀመጡት ወንድማቸው ናቸው።

«እዚህ ላይ ዝግ አርጉልኝ እስኪ... ሮጠችብኝ» አሉ።

ሰይድ አዘገየው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አለምነሽ ቀስ... ቀስ እያለች ጎንበስ አለች። አያ አየነው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ ጭነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለስክሪኑ «ውለጅ፣ ክበጅ፣ ትዳርሽ ይባረክ...» ማለት ጀመሩ። አጠገባቸው የነበረችው አለምነሽ አልቻለችም። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸው ከስክሪኑ ተነስቶ ራሷ ላይ አረፈ። ምርቃቱንም ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔም የላፕቶፑን ገመድ ሳስተካክል ቆየሁ፤ ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

አዳራችን እዚያው ሆነ። አርብ ጠዋት አያ አየነው ያለ ክርክር መኪና ውስጥ ገቡ። ትናንት አለምነሽ ደውላልኝ ነበር። ቀዶ ጥገናው ደህና አልፏል፤ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ስለ ገብሱ አጨዳ መጠየቅ ጀምረዋል።

ኦቨርክሎክ አድርጋችሁ ያተረፋችሁት ሰዓት የት ገባ ብትሉኝ... አያ አየነው ቀስ አስብለው ባዩዋት አንዲት ጎንበስ ማለት ላይ ጨረሱት።