የቦዬው አናት

ገሠሠ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ በሰፈራ ወደ ሸኮ ሲመጣ ገና ጢም አላበቀለም ነበር። አባቱ ጫካውን ባየ ጊዜ ፈራው። መሬት ፀሐይ ካላየ እህል አይሰጥም ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ እንደ ሌሎቹ ሰፋሪዎች መጥረቢያ አንሥቶ ዛፍ ይጥል ጀመር። ማሽላው ሳይደርስ መንግሥት ይሰጠው የነበረው የእህል ስፍር ተቋረጠ። በሬዎቹን ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ ፈጃቸው፣ የገሠሠን እናት ወባ ወሰደቻት። ያ ሁሉ ልምላሜ እያለ ሰው በረሃብ ወደቀ። ጎደሬ ነቅለው ሳያበስሉ የበሉ ልጆች ጉሮሯቸው ሲያሳክካቸው አደሩ።

አንድ ቀን ገሠሠ በጫካው ዳር ዛፍ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ አየና ሥሩን ቆፈረ። ክንዱን የሚያህል፣ ቦዬ የሚባለው የሚበላ ሥር ወጣለት። ከነአናቱ መንግሎ ሊሮጥ ሲል አንዲት ሴት ከፊቱ ቆመች። አማረች የምትባል የቤንች ሰው ናት፤ ቦዬውም የእርሷ ነበር። ትመታኛለች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እርሷ ግን ቦዬውን ከእጁ ነጥቃ አናቱን በቢላዋ ቆረጠችና የቀረውን መለሰችለት። አናቱን ከነሐረጉ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ እንደገና እንዲበቅል አፈር አለበሰችው።

«ሁሉ ትበላ፣ ነገ ምን ትበላ?» አለችው በተሰባበረ አማርኛ። ቀጥላም አባቱ የመነጠረውን ተዳፋት በቢላዋዋ አመለከተች። «እዚያ ዛፍ የለ። ቦዬ በምን ይወጣ?»

ያን ዕለት ቤቷ ወስዳ አብስላ አበላችው። ዓመታት አልፈው በየነችን ሲያገባ ደግሞ፣ አሮጊቷ አማረች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የቦዬ አናት ይዛ መጣች። ከሠርጉ ስጦታ ሁሉ ገሠሠ ዛሬም የሚያስታውሰው እርሱን ብቻ ነው።

ባልና ሚስቱ አባቱ የመነጠረውን ተዳፋት መልሰው ዛፍ አለበሱት። ሲተክሉም ጫካው እንዴት እንደቆመ እያዩ ነበር። ከላይ ዋንዛና ሰሳ ጥላ ይጥላሉ፤ በጥላው ቡና፣ በቡናው ሥር ኮረሪማ፣ ውሃ በሚያቁረው ጎድጓዳ ጎደሬ። ቦዬው በዋንዛው ግንድ ላይ ይወጣል። የረገፈው ቅጠል እዚያው ይበሰብሳል፤ የሚጠርገው የለም።

ከማዶ የወልደአማኑኤል ጫት ነው። ወልደአማኑኤል ሸኮ ከተማ ሱቅ ያለው፣ ከከምባታ የመጣ ነጋዴ ነው። በመንገድ ባለፈ ቁጥር አንድ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አይሄድም።

«ጋሽ ገሠሠ፣ አንተ ገበሬ ነህ ወይስ ጉሬዛ?»

«ጉሬዛ ብሆን ካንተ ማሳ አልርቅም ነበር? መውጫ ዛፍ የለህም።»

ካቻምና በክረምት የወልደአማኑኤል ማሳ አፈር በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ገባ። ገሠሠ ይህን አንሥቶ አላሾፈበትም። በዚያው ክረምት በየነች ሞታ ነበርና ለጨዋታ የሚሆን አፍ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ለአንድ ሰው የሚሆን ድስት በቤቱ የለም። በትልቁ ይቀቅላል፣ ጥቂት ይቀምሳል፣ የቀረውን ለውሻው ይደፋል። አንዳንድ ቀን ከውሻው በቀር ድምፁን የሚሰማ ሳይኖር ይመሻል።

ዘንድሮ በመስከረም፣ ሚዛን ተፈሪ የምታስተምረው ልጁ ሜሮን መጣች። ክረምቱን ወገቡን ታሞ እንደተኛ ሰምታለች።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ሳልወስድህ አልሄድም» አለችው።

«ይህን ሁሉ ማን ይይዘዋል?»

«ወልደአማኑኤል እይዘዋለሁ ብሏል።»

«ይይዘዋል፤ በመጥረቢያ።»

ገሠሠ መቆፈሪያውን ይዞ ወደ ዋንዛው ወሰዳት። ከበየነች ጋር ይቆፍሩበት ከነበረው ጉድጓድ ቦዬ አወጣ፣ አናቱን ቆረጠ፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለለ።

«ግቢሽ ውስጥ አቮካዶ አለሽ አይደል? ሥሩ ትከዪው። ከበቀለ እመጣለሁ፤ ወልደአማኑኤልም እንደፈለገ ያድርግ።»

«በቦዬ ልትፈትነኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

«አንቺን አይደለም፤ ግቢሽን ነው።»

እርሱ ግን አልሳቀም። ቦዬው ሌላ ቦታ ሥር ከሰደደ በልጁ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማርጀት እንደሚችል፣ ካልሰደደ ግን ከዋንዛው ሥር እንደማይነቃነቅ በልቡ ቆርጦ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ ከታች መንገድ ላይ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ሜሮን ተጣድፋ ጉንጩን ሳመችው፣ የሚበላውን ቦዬ በከረጢት አንጠልጥላ ወረደች። የባጃጁ ድምፅ ከጠፋ በኋላ ገሠሠ ወደ ቤት ሲመለስ ጥቅልሉ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ አገኘው።

አልጮኸም፣ አልሮጠም። ደጃፉ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ኮባው መጠውለግ ሲጀምር ተነሥቶ አናቱን ወደ ቀድሞ ጉድጓዱ መለሰው።

ማታ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ፣ ያንን ነገር ረሳሁት። ቦዬው ግን እንዴት ይጣፍጣል መሰለህ።»

«ይጣፍጣል።»

«ለመስቀል መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«አፈር ገብቷል ልጄ። አሁን ከነኩት ይበሰብሳል። ለከርሞ ይሁን።»

«አንተስ?»

«እኔም ለከርሞ።»

በሳምንቱ ወልደአማኑኤል በዚያ ሲያልፍ ገሠሠ ለሐረጉ መወጣጫ ሲያስር አየውና ቆመ።

«ትሄዳለህ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ቀረህ እንዴ?»

«ቀረሁ።»

«ብቻህን?»

ገሠሠ ልጡን አጥብቆ አሰረ። ከዚያ ቀና አለ።

«እኔ ርሃብ አይቻለሁ፣ ወልደአማኑኤል። የዚያን ቀን የበላሁት ቦዬ ሲነጋ ከሆዴ አልነበረም። እስከ ዛሬ ያኖረኝ አማረች ከእጄ ነጥቃ የቀበረችው ነው። ልጄ እስክታስታውሰው ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ መቆየት አለበት።»