እህቴን ያሰከረው እንክርዳድ

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። የማውቀውን እናገራለሁ፤ ድሮ ደግሞ የማላውቀውንም ደፍሬ እናገር ነበር። በዚህ ጠባዬ የተነሳ እህቴ ከሞት የተረፈችው ለጥቂት ነው።

የተወለድነው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለች የደጋ መንደር ነው። በእኛ አገር እንቅርት ያልገባበት ቤት አልነበረም። ጨዋችን ከአፋር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ነው፤ አዮዲን የሚባለውን በስሙም አናውቀው። እናቶች የሴት ልጆቻቸውን አንገት የሚያስነቅሱት ለጌጥ ብቻ ሳይሆን እንቅርትን ይከለክላል ተብሎም ነበር። የስድስት ዓመት ታላቄ የሆነችው እህቴ አንገቷ ላይ ሰባት መስመር ተነቅሳለች። እኔ ስደርስ ነቃሿ ሴትዮ ሞታ ስለነበር ቀረሁ።

እናታችን የሞተችው በዚያው በአንገቷ ነው። እንቅርቷ ለብዙ ዓመት ለስላሳ ሆኖ ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ጠጠረ። መጀመሪያ ምግብ ከለከላት፣ ቀጥሎ ትንፋሽ። ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ ነበር፤ እኔ የላቦራቶሪ ሙያ ለመማር ከተማ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለዐርባዋ ደረስኩ፤ ባልደርስ ይሻል ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ መምህራችን ሰውነታችን መርዝን እንዴት እንደሚያስወግድ አስተምሮን ነበር። በምንበላው፣ በምንጠጣው፣ ከምድጃ በምንምገው ጭስ ሁሉ ውስጥ መርዝ አለ፤ ሰውነታችን ደግሞ ያንን ሰባብረው የሚያስወጡ ኢንዛይሞች አሉት። ኢንዛይሞቹ የሚሠሩበት ትእዛዝ ከእናትና ከአባት በዘር ይወረሳል፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። የአንዱ ፈጣን፣ የሌላው ዘገምተኛ ነው፤ ጭራሹን የሌለውም አለ። የእንቅርት ዕጢ ካንሰር አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተወው ምናልባት በዚህ ልዩነት ሊሆን ይችላል አለ መምህሩ። ቀጥሎም «ገና ያልተረጋገጠ ነው፣ አዋቂዎቹም አልተስማሙበትም» አለ። የመጀመሪያውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሁለተኛውን አልጻፍኩም።

በዐርባው ዕለት ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ለመሆኑ ምን ነካት?» ሲባል እኔ ተነስቼ ማስተማር ጀመርኩ። ማስረጃም አላጣሁ። ልጆች ሳለን፣ በአንድ ክፉ ዓመት፣ እንክርዳድ የበዛበት የገብስ ቂጣ በልተን ነበር። እንክርዳድ ያሰክራል፤ እህቴን ራሷን አዞራት፣ አስመለሳት፣ ሁለት ቀን አስተኛት። እኔ ግን ከዚያው ቂጣ እኩል በልቼ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። «አያችሁ?» አልኳቸው፤ «እናቴም እንክርዳድ አትችልም ነበር። መርዝ ጠራጊው ኢንዛይማቸው ሰነፍ ነው። እህቴ የእናቴን ወረሰች፣ እኔ የአባቴን።» አንድ ሽማግሌ «ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው» ብለው አጸኑልኝ። እህቴ እዚያው ጠላ እየቀዳች ነበር። እኔ ኮርቼ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ተመርቄ ሰቆጣ ተመደብኩ። በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ እህቴ ቤቴ ገብታ ነጠላዋን አወረደችና ውኃ ጠጣች። ዓይኔ አንገቷ ላይ ቀረ። ሰባቱ መስመሮች ከልጅነቷ ጀምሮ እኩል እኩል ተራርቀው ነው የማውቃቸው። አሁን በቀኝ በኩል የሦስተኛውና የአራተኛው መሃል ሰፍቷል፤ ከታች የሆነ ነገር ቆዳውን ገፍቶታል።

«እትዬ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አልኳትና እጄን አንገቷ ላይ አኖርኩ። ስትውጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ከጣቴ ሥር ወጣች፣ ወረደች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምና፣ ከጥምቀት በፊት።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አንቺው ነግረሽኝ የለም እንዴ! ሰነፉን የወረስኩት እኔ ነኝ። በዘር የመጣን ማን ይነቅለዋል? ልጆቼ ሰምተው ከሚሳቀቁ ብዬ ነው።»

የእናቷ ሐዘን ሳያንሳት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የጨመርኩባት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ሞቷን አንገቷ ላይ ይዛ ስትወቅጥ፣ ስትፈጭ፣ ልጅ ስታሳድግ ከርማለች፤ እኔ ስለተናገርኩ።

ያን ዕለት ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ ጮህኩ። ሙያዬን በጠራሁ ቁጥር እሷ ባሰባት። በመጨረሻ ወደ ኽምጣኛ ዞረች። እህቴ በኽምጣኛ መናገር ከጀመረች ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ በእናታችን ቋንቋ እኔ ታናሿ ነኝ፣ አልከራከራትም። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱን ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ደጇ ላይ ገብስ በሰፌድ ይዛ እንክርዳድ ስትለቅም አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አሳስቼሻለሁ» አልኳት። «መምህሩ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ብሎን ነበር፤ እሱን ቆርጬ ጣልኩት። እንክርዳዱም ስለ እንቅርት የሚናገረው ነገር የለም፤ ምናልባት እንክርዳድ የበዛበት ቁራሽ ደርሶሽ ይሆናል። ዘር ቢኖርበትም ያጋልጣል እንጂ አይፈርድም። እናታችን ብትታይ ኖሮ ትድን ይሆን ነበር።»

«ስለዚህ የእኔ ጠራጊ ሰነፍ ነው ወይስ ጎበዝ?»

«አላውቅም።»

«የእናታችንስ?»

«አላውቅም። የመረመረላት የለም።»

«ይቺ ባቄላስ? ካንሰር ናት?»

«እሱንም አላውቅም። በመርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ ማንም አያውቅም።»

ሰፌዱን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ከተወለድሽ ጀምሮ አላውቅም ስትዪ ስሰማ ገና ዛሬ ነው። በይ እንሂድ። አሁን አመንኩሽ።»

በኮረም በኩል አድርገን መቀሌ ወሰድኳት። ካንሰር ነበር። ነገር ግን ከዕጢው አልወጣም ነበር፤ ሐኪሙ ከነዕጢው አወጣላት፣ በየማለዳው የምትውጠው ክኒን አዘዘላት። እህቴ ዳነች። ይህን ያለ አንዳች ማመንታት እናገራለሁ፤ ቶሎ የታየ አንገት ይድናል ብዬ ስንቱን ቤት አንኳኳሁ፣ ብዙውም ሰማኝ።

ከእኔ የባሰችው ግን እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር የሴቱን አንገት እየዳሰሰች «ዋጪ» ትላለች። የጠረጠረቻትን እኔ ዘንድ ትሰዳለች፤ አብዛኞቹ ተራ እንቅርት ነበሩ፣ እሷ ግን አታፍርም።

በአንድ ዳግማይ ትንሣኤ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«የአንቺንስ ማን ዳሰሰው?»

«እኔ እኮ ባለሙያ ነኝ» ብዬ ሳቅኩ።

«ባለሙያ አንገት የለውም?»

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አንገቴን በመስታወት ደፍሬ አይቼ አላውቅም። የአባቴን ወረስኩ ያልኩትም ለጎረቤቱ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ያን እንድታውቅብኝ አልፈለግሁም፤ እሷ ግን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ነጠላዬን አውርዳ ሁለት እጇን ቀስ አድርጋ አንገቴ ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ በአጨዳ የሻከሩ ናቸው። በቀኝ በኩል ወረዱ፣ ወደ ግራ ዞሩ፤ ግራው ላይ ቆሙ።

ነጠላዬን መልሳ አለበሰችኝ። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።