አባቴና የሾፌሩ ድንጋይ

በልጅነቴ የማውቀው እግዚአብሔር ቁጡ ነበር። አባቴ ቄስ ነው፤ ቁስቋም ባለው ቤታችን እሱ የተቆጣ ቀን ፈጣሪም አብሮ ይቆጣል። አንድ ጧት ልቆርብ ተዘጋጅቼ ሳለ አንድ ጉንጭ ውኃ ስጠጣ ቢያገኘኝ፣ ስለሚያቃጥለው እሳት ሲነግረኝ ዋለ። ታናሽ ወንድሜ በሰንበት እንጨት ቢፈልጥ ደግሞ፣ በሙሴ ዘመን በሰንበት እንጨት ለቅሞ በድንጋይ የተወገረውን ሰው ተረከለት። ልጁ ሲባንን አደረ።

ያ ወንድሜ አድጎ አዘዞ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን መንገድ ሲሻገር ሚኒባስ ገጭቶ ገደለው። ሾፌሩ እየነዳ በስልክ ያወራ ነበር። ታስሮ ወጣ፤ ከእስር ይወጣል፣ ከመቃብር ግን ማን ይወጣል?

በነነዌ ጾም ሽማግሌዎች መስቀል አስቀድመው እቤታችን መጡ። ሾፌሩ ከኋላቸው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጃፋችን ላይ ተንበረከከ። በአገራችን ድንጋዩን የሚያወርድለት የሟች ወገን ነው፤ ካላወረደለት ይቅርታ የለም። አባቴ ቢያንስ ከዚያ እሳት ትንሽ ያቀምሰዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ ወጥቶ በገዛ እጁ አወረደለት።

«እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» አለው።

ልጄ! በሩን በላያቸው ላይ ዘግቼ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ዮናስ ነው፤ ነነዌ ለምን ምሕረት አገኘች ብሎ ያኮረፈው ነቢይ። ሰው ሁሉ ግትር ይለዋል። እኔ ፈረድኩለት። እግዚአብሔር ጥፋት ይመጣል ብለህ ተናገር ብሎ ልኮት፣ ከተማዋን ሲምር እሱን ማን አማከረው?

እንግዶቹ ሲሄዱ አላስችል አለኝ።

«አባ፣ ለእኛ ለአንድ ጉንጭ ውኃ እሳት፣ ለአንድ ፍልጥ መወገር። ለሱ ሲሆን ምነው ምሕረቱ እንዲህ ቀለለ?»

የእጅ መስቀሉን አገላበጠ።

«እናንተንማ የምቆጣው እንዳላጣችሁ ፈርቼ ነበር» አለ። «አሁን የማጣው ምን ቀረኝና ልቆጣ?»

ፊቱ ቆሜያለሁ እኮ።

«እኔስ፣ አባ?»

ዳዊቱን አንሥቶ ወደ ደጃፉ ወጣ።

ድንጋዩ እዚያው ደጃፋችን ቀረ። አባቴ ጧት ጧት እሱ ላይ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል። እኔ ሾፌሩን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ ከሱ ይልቅ ግን ያቃጠለኝ የአባቴ ዝምታ ነበር። ቤት ውስጥ ምንም ባጠፋ አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል፤ ያ ምሕረት ከሆነ ይቅርብኝ።

ልቆርብ ባሰብኩበት እሑድ ውኃ በኩባያ ቀድቼ ወጣሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ አንድ ጉንጭ ጠጣሁ።

ዳዊቱን አቋርጦ ከድንጋዩ ላይ ተነሣ።

«አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔርን አትፈሪም?» ብሎ ስለሚያቃጥለው እሳት ጀመረ። ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። ኩባያዬን እንደያዝኩ እስኪጨርስ ቆሜ አዳመጥኩት።