ለአቶ ዳና እጅ የተሳለ በሬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ የሥዕል ታብሌቱን ሰጠኝና «ኳስ አንጥሪ» አለኝ። ሌላ ትእዛዝ አልነበረም። ሶዶ ውስጥ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሳምንቱን ሙሉ በሥዕል ኳስ አነጠርኩ፤ ለአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል። ዓርብ ዕለት አይቶ «ይሄ ፊኛ ነው፤ ክብደት የለውም» አለኝ። ልክ ነበር።

ከጀማሪ ሠዓሊነት ወደ ዋና አኒሜተርነት ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ዋና ሆኜ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ የቤተሰብ ኮሜዲ ፊልም ነበር። የአንድ መንደር የልጆች እግር ኳስ ቡድን አጥቂ እግሩ ይሰበርና አንድ አያት በምትኩ በሬያቸውን ለልጆቹ ያውሳሉ። ልጆቹና አያትየው እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ በሬው ሥዕል ነው። በሬው ኳሷን እየገፋ ጎል አፍ ይደርስና ማሳው ያለቀ መስሎት ዞሮ ይመለሳል። ሰው እንዲስቅ የታሰበው እዚያ ላይ ነው።

አያትየውን የተጫወቱት አቶ ዳና የሚባሉ የሻንቶ ገበሬ ናቸው። ትወና አያውቁም፤ ዳይሬክተሩ ማርቆስ ፊታቸውን ወዶ ነው የመረጣቸው። እሳቸውም ፊልም ላይ ሊወጡ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል።

ቀረጻ ላይ በሬ የለም። በቦታው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት እንተክላለን፤ ጨርቁ የበሬው ትከሻ ነው። ተዋናዩ እሱን ያያል፣ እሱን ይነካል። ከፍታውን የለካሁት እኔ ነኝ።

የአቶ ዳና ትልቁ ትዕይንት ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት በሬውን እየዳበሱ የሚመክሩበት ነው። ጨርቁን ነኩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ታች ወረደና ባዶ አየር ማከክ ጀመረ።

«አባባ፣ እጅዎ ጨርቁ ላይ ይቆይ» አላቸው ማርቆስ።

«እሺ» አሉ። ያንኑ ደገሙት። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽን።

ስቱዲዮ ተመልሼ በሬውን ስገጥመው እጃቸው ደረቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። «አይሆንም» ብዬ ለማርቆስ ነገርኩት፤ እሱም በእኔ ቃል ትዕይንቱ እንዲቆረጥ ወሰነ። ያለዚያ ትዕይንት አቶ ዳና በፊልሙ ውስጥ ከሩቅ የምትታይ ባርኔጣ ብቻ ናቸው።

ከመቆረጡ በፊት አሥራ አንዱንም በተከታታይ አየኋቸው። እጃቸው በሁሉም ላይ አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። የተሳሳተ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ነገርን ከሥሩ ነውና በማግስቱ በሚኒባስ ሻንቶ ሄድኩ።

ጓሯቸው ውስጥ ችካልና ገመድ አለ፤ በሬ ግን የለም።

«ጨርቁን ይንኩ ሲባሉ ለምን ወደ ታች ወረዱ?» አልኳቸው።

«ጨርቅ ንካ አለኝ ማርቆስ፤ ነካሁ። ከዚያ በሬ ንካ አለኝ።» አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ እኔንም አልፎ አልፎ «አንተ» ይሉኛል። «አንተ በሬ ይዘህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። አባቴ ከጉራጌ መጥቶ ሶዶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ በሬን የማውቀው ከሥጋ ቤት ነው። ለፊልሙ የሳልኩት ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የውጭ አገር ኮርማ ነበር። ትከሻው የአቶ ዳና ደረት ላይ ይደርሳል።

«ከላይ ከነካኸው ቀንበር መጣ ብሎ ይሸሻል» አሉኝ። «ከአንገቱ ሥር የተንጠለጠለውን ቆዳ ስታክለት ግን ይቆማል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። በሬዬ ዳለቻ እንደዚያ ነበር።»

«ዳለቻ የት አለ?»

«ባለፈው በጋ ሞተ። እናንተ የማን በሬ እንደሆነ አልነገራችሁኝም። እኔ የራሴን አመጣሁ።»

አፈርኩ። የዳለቻን ቁመት በእጃቸው አሳዩኝ፤ በሜትር ለካሁት።

ማርቆስ ሲሰማ «ለአንድ እጅ ብለሽ በሬውን በሙሉ ልትቀይሪ ነው?» አለኝ።

«እጁን መቀየር አልችልም» አልኩት።

ፊቱን እንዳጠቆረ ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። ኮርማውን ከእያንዳንዱ ትዕይንት አውጥቼ አጠር ያለ፣ ሻኛ ያለው ግራጫ በሬ ሳልኩ።

ፊልሙ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል ሶዶ አዳራሽ ውስጥ ታየ። አቶ ዳና ከነቤተሰባቸው ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። በሬው ጎል አፍ ደርሶ ሲመለስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «ያደርገዋል» አሉ ለልጃቸው። ትዕይንታቸው ሲደርስ በሬው አንገቱን ቀና አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ የማየው እሳቸውን ነበር። ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ያክ ነበር።

ሲያልቅ ጠሩኝ።

«ጥሩ ነው» አሉኝ። «የዳለቻ የግራ ቀንድ ግን አጠር ይላል።»

በማግስቱ ፋይሉን ከፍቼ የግራ ቀንዱን አሳጠርኩ። ማንም አላዘዘኝም።

አሁን ጀማሪ ሲመጣ እኔም ኳስ አስነጥራለሁ። ቀጥዬ አሥራ አንዱን የአቶ ዳና ቀረጻ አሳያለሁ። ሥዕሉና እጁ አልገናኝ ካሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ሥዕሉ ነው።