የአሮጊቷ ምንጭ

የወተት ጥርሶቼ ገና ባልረገፉበት ዘመን፣ የመግሪብ ሶላት ካለቀ በኋላ የቤታችን ልጆች ሁሉ የምንሰበሰበው በአያቴ በአባየ ይማም ዙሪያ ነበር። ቤታችን ከቢስቲማ ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ በሚገኝ ተረተር ላይ ነበረች። አባቴ ለቀን ሥራ አፋር አገር፣ አሳይታ ወርዶ ስለነበር፣ የቤቱ አባወራም የቤቱ ወግም አባየ ነበሩ። የምናነደው የማሽላ አገዳ ነው፤ አገዳ ደግሞ ቶሎ ነዶ ቶሎ ይከስማል። ነበልባሉ ሲወርድና ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ የኩራዙ ጭስ ጣሪያውን ሲልስ፣ አባየ ያኔ በዱላቸው ጫፍ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ያቺ የጉሮሮ ድምፅ ትበቃን ነበር፤ እርስ በርስ መቆናጠጡን ትተን ጸጥ እንላለን።

ብዙ ተረት ያውቁ ነበር። የጅቡንም፣ የጦጣዋንም፣ የሞኙን ሙሽራም። እኔ ግን ደጋግሜ የማስነግራቸው የአሮጊቷን ነበር።

አንዲት አሮጊት ነበረች ይላሉ፤ ልጅ የላት፣ ከብት የላት፤ ያላት አንድ የቀንድ ጭልፋ ብቻ። ከአፋር በረሃ ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች በደጇ ሲያልፉ ውሃ ይለምኗታል፤ የምትሰጣቸው ታጣለች። አንድ ቀን አንዱ መንገደኛ እደጇ ላይ በጥም ወድቆ ሞተ። አሮጊቷ በማግስቱ ጭልፋዋን ይዛ ገደሉን ትቆፍር ጀመር። የሚያልፈው ሁሉ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎ?» ይላታል። «ውሃ» ትለዋለች። ይስቅባታል። ስቆ ግን ማለፍ ያቅተዋል፤ አሮጊት በጭልፋ ስትቆፍር ዓይቶ ጥሎ የሚሄድ ጎልማሳ እንደምን ያለ ነው? ዶማውን ከትከሻው ያወርድና ጥቂት ቆፍሮላት ይሄዳል። ከኋላው የሚመጣውም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዓለቱ ተሰነጠቀና ውሃ ፈለቀ። ያኔ ጠብ ተነሣ። የላይኛው መንደር የኔ ነው አለ፤ የታችኛውም የኔ ነው አለ፤ ነጋዴዎቹም ዶማው የኛ ነው አሉ። «የማን ነው? አንቺ ፍረጂ» ቢሏት፣ «የጠማው ሰው ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል ሳትናገር ሞተች።

«አባየ፣ እውነት ነው?» እላቸዋለሁ።

«ውሃውን ጠጥተሽው የለ እንዴ!» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነበር። ከቤታችን በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ ከዓለት ሥር የሚወጣ ምንጭ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም የአሮጊቷ ምንጭ ይለዋል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መንደሩ በደቦ ይወርድና ጎርፍ የሞላበትን ደለል ይጠርጋል፣ ዙሪያውን በእሾህ ያጥራል። ወንዶቹ መንዙማ እያወረዱ ይቆፍራሉ፣ ሴቶች ንፍሮ ያቀርባሉ፣ እኛ ልጆች ድንጋይ እየተቀባበልን እናወጣለን። ማንም ማንንም አይጠራም ነበር፤ ሰዉ ቀኑን ያውቀዋል። የተቀመጥኩበት ድንጋይ ቅዝቃዜ ከገላዬ፣ የዚያ ጭቃ ሽታም ከአፍንጫዬ ዛሬም አልጠፉም።

እንስራ ማዘል በጀመርኩበት ሰሞን ነጭ መኪና መጣ። አንድ የተራድኦ ድርጅት ምንጩን በሲሚንቶ ገንብቶ፣ ውሃውን በቧንቧ እስከ መንገዱ ሊያወርድልን ነው ተባለ። የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ ማን ደጁ ድረስ የመጣ ውሃ ይጠላል? አባየ ራሳቸው ዱዓ አደረጉ፣ አንድ ሙክት ታረደ። የሲሚንቶው ሣጥን ምንጩን ከደነው፣ ብረት መዝጊያው ተቆለፈ፣ ቦኖ የምንለው የቧንቧ መቅጃ ከመንገዱ ዳር ቆመ። በምረቃው ቀን ልጆች ሁሉ ተሰልፈን አጨበጨብን። ወላሂ ደስ ይል ነበር። እናቴ ከቦኖው የቀዳችውን የመጀመሪያ ጀሪካን ስታወርድ ጀርባዋን ይዛ ሳይሆን እየሳቀች ነበር። ያን አልክድም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ግን ለደቦ የወረደ አልነበረም። ምን ሊጠርግ? ምንጩ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም ጠባቂ አለው። የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ተረተሩን ናደውና ቧንቧውን ወስዶት ሄደ፤ የሲሚንቶውን ሣጥን ደግሞ ደለል ቀበረው። አባየና ጎረቤታችን አያ ሰይድ ወረዳ ድረስ ወጥተው አመለከቱ። ሲመለሱ እናቴ ከደጅ ተቀበለቻቸው።

«ምን አሏችሁ?»

«ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ቆየ አሉን» አሉ አባየ እየተቀመጡ። «ወረዳውም በጀት የለኝም አለ። አክብረው ነው ያነጋገሩን።»

ያኔ እናቴ እንስራዋን ከጓዳ አወጣች። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ከብትም ሰውም የሚጠጣው አንድ ላይ ነው። በዚያ በጋ የመንደሩ ሕፃናት በተቅማጥ አለቁ ባልልም፣ ያልታመመ ግን አልነበረም። የአያ ሰይድ የልጅ ልጅ፣ ገና መዳህ የጀመረች፣ በዚያው ሄደች።

ከእሷ ቀብር በኋላ በነበረው ጁምዓ አባየ ሶላቱ እንዳለቀ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተነሥተው ቆሙ። እኔ አጥሩ ሥር ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ።

«ጀመዓ» አሉ፤ «ምንጩ አልደረቀም፤ የተቀበረ ነው። በጎን ቆፍረን እናውጣው። እንደ ድሯችን በደቦ እንውረድ።»

 ከዚያ አንድ ጎልማሳ፣ ሲያድግ አባየ ቁርዓን እያስቀሩ ያስተማሩት ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ጠየቀ።

«አባ ይማም፣ ስንዴ አለው?»

የሳቀ አልነበረም። ለማሾፍም አልጠየቀም። በዚያን ጊዜ መንደሩ ተራራ ላይ እርከን ይሠራ ነበር፤ ለሠራበትም ከእርዳታ ስንዴና ዘይት ይሰፈርለታል። ያ ስንዴ ክፉ አልነበረም፤ በእነዚያ የረሃብ ወራት እኔም በልቼ ያደግኩት እሱን ነው። ነገር ግን ዶማ ከትከሻ የሚወርደው በስንዴ ሆኖ ነበር፤ እንዴትና መቼ እንዲያ እንደሆነ ማናችንም አላየነውም።

«ስንዴ የለውም» አሉ አባየ። «ውሃ ነው ያለው።»

«ሲሚንቶውንስ ብንሰብረው አይጠይቁንም?» አለ ሌላው።

«ቀበሌው ያውቃል?» አለ ደግሞ ሦስተኛው።

እንዲህ እየተባባሉ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። እያንዳንዱ ሲያልፍ የአባየን እጅ ይስም ነበር።

በማግስቱ አባየ ዶማቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው። አልፈራሁም፣ አላዘንኩም፤ እንዲያውም ልቤ ይዘል ነበር። የሚሆነውን አውቀው የለ? አንድ ሽማግሌ ብቻውን ይቆፍራል፣ አላፊው ይጠይቀዋል፣ ይስቃል፣ ስቆ ግን ማለፍ ያቅተዋል። ተረቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በመንደሩ አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን መንገደኛ ጠበቅሁ።

መንገደኛው መጣ። «አባ ይማም፣ አብሽሩ! አላህ ያግዝዎ» ብሎ አለፈ። ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች አለፉ፤ አንዷ የአባየን ላብ ዓይታ አለቀሰች፤ ግን ወንዙ ሩቅ ነው፣ ልጆቿ ይጠብቋታል፣ እሷም አለፈች። ከቢስቲማ ገበያ የሚመለሱ ወጣቶች ቆሙ። ያኔ ብድግ አልኩ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ አባየን ከዶማቸው ጋር አነሣቸውና ሄዱ። ፎቶው አገር ለአገር ዞረ። በሳምንቱ ዐረብ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ፣ «ሰዉ ሁሉ ማሻአላህ እያለ ነው፤ እንዲህ ያለ አባት ይብዛልን እያለ ነው» ብላ ከእናቴ ጋር ተላቀሰች። ዶማ ይዞ የወረደ ግን አያ ሰይድ ብቻ ነበር። እሱም ወገቡ አይታጠፍም፤ ቁጭ ብሎ በእጁ አፈር ያወጣል። የልጅ ልጁን ስም አንድም ቀን አላነሣም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰነበቱበት። አንድ ረፋድ ላይ ከሲሚንቶው ጎን ዓለቱ ላብ እንዳላበው ሰው ረጠበ፤ ከዚያ ቀጭን ውሃ፣ እንደ ሽሮ የደፈረሰ፣ ይንጠባጠብ ጀመር። አባየ በመዳፋቸው ያዙትና ቀመሱት። ለአያ ሰይድም አቀመሱት። ለእኔም። የአፈር ጣዕም ነበረው። እንደዚያን ቀን ከልባቸው ሲስቁ ዓይቻቸው አላውቅም።

«ዘይኑዬ፣ ነገ ይጠራል» አሉኝ። «ዙሪያውን ብቻ በእሾህ እንጠረው።»

ወደ መንደሩ ወጥተው እሾህ የሚቆርጥላቸው ሰው ለመኑ። ሁሉም እሺ አለ። እሺ ያላለ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ማልደን ስንወርድ ከብቶች ቀድመውናል። በጋው ከፍቶ ስለነበር ውሃ ከሩቅ የሸተታቸው የመንደሩ ላሞችና በሬዎች ሸለቆውን ሞልተው፣ የተቆፈረውን አፍ በሰኮናቸው ረግጠው ጭቃ አድርገውታል። ጠርዙ ተንዶ ውሃው ጠፍቶ ነበር። እኔ ድንጋይ አንሥቼ ልወረውር ስል አባየ እጄን ያዙኝ።

«ተያቸው» አሉ። «ጠምቷቸው ነው።»

ሌላ አልተናገሩም። ዶማቸውን አንሥተው ቀስ ብለው አቀበቱን ወጡ። አያ ሰይድ እዚያው ጭቃው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ ቢጠሩትም አልተነሣ።

ከዚያ ወዲህ አባየ ተረት አልነገሩንም። ማታ ማታ እሳቱ ዳር ይቀመጣሉ፣ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ፤ ታናናሾቼ ይነዘንዟቸዋል። «ረሳሁት» ይሏቸው ነበር። እንዳልረሱት አውቃለሁ። እኔም እንዲነግሩን መጠየቄን ተውኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከሚያንገበግበኝ ሁሉ ይህ ይብሳል፤ ባልጠየቅኋቸው ቁጥር ተረቱ ውሸት መሆኑን የተስማማን ያህል ዓይን ለዓይን እንሸሻሽ ነበር። በዚያ ሸለቆ ቅዝቃዜ የጀመራቸው ሳል ከደረታቸው አልወጣ አለ። ዝናብ ሳይጥል ሞቱ።

የቀብር ማኅበራችን፣ ቅሬው፣ ተጠራ። ቅሬ ሲጠራ በኛ አገር ማንም አይቀርም። ከላይኛው መንደርም ከታችኛውም መጡ፤ ገራዶ ድረስ የተሻገሩ ዘመዶች ሳይቀሩ ደረሱ። ወንዱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዟል። ሴቶች መቃብር አይወርዱምና እኔ ከእናቴ ጋር ከአጥራችን ሥር ሆኜ ቁልቁል አያለሁ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ዶማውን ይቀበለዋል፣ የወጣውን አፈር ሌሎቹ ተሻምተው ይጠርጋሉ፤ ያ ጁምዓ ዕለት አንገቱን የደፋው ጎልማሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ ና ውጣ ቢሉት እምቢ ብሎ ይቆፍር ነበር። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ተጠናቀቀ። በመንደራችን ያን ያህል እጅ እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ጠልቻቸው እገላገል ነበር። ደጎች ነበሩ። ሁሉም ደጎች ነበሩ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ክር ፋብሪካ እሠራለሁ። የምኖረው ብዙ የገጠር ልጆች ቤት በተከራየንበት ግቢ ነው። የግቢያችን የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ከተደፈነ ከርሟል፤ ሁላችንም ቀሚሳችንን ሰብስበን እንሻገረዋለን፣ አከራዩ ያሠራው እንላለን፣ ቀበሌው ያሠራው እንላለን። እኔም እላለሁ። አንዳንድ ማለዳ ከፈረቃ ስመለስ አካፋ ተበድሬ ልጀምረው ይሆን እላለሁ፤ ከዚያ ማን ቆሞ እንደሚያየኝ፣ ማን «አብሽሪ» ብሎኝ እንደሚያልፍ ይታየኛል፤ ገብቼ እተኛለሁ።

ለአረፋ አገር ቤት ስሄድ ምንጩን አየዋለሁ። ሲሚንቶው ላይ ሣር በቅሎበታል፣ የተጻፈበት ጽሑፍ ለቋል። እናቴ ዛሬም ወንዝ ትወርዳለች።

ልጄ አሁን ተረት የምትወድበት ዕድሜ ላይ ናት። መብራት ሲጠፋ ጭኔ ላይ ትወጣና «እማ፣ ንገሪኝ» ትለኛለች። የጅቡን እነግራታለሁ፣ የጦጣዋን፣ የሞኙን ሙሽራ። ከአባየ ተረቶች ሁሉ ያልነገርኳት የአሮጊቷን ብቻ ነው። ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር ይመጣልኛል። ብነግራት ግን ታምነኛለች። የምፈራው እሱን ነው።