በማላውቀው ደጅ ያፈሰስኩት እንባ

ዛሬ የማላውቀውን ሰው በጩኸት አልቅሼ መጣሁ። እዚህ እስራኤል፣ ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈር ያሉት ሕንፃዎች እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ዓይኔም ከጉልበቴ ጋር ተማክሮ ጡረታ ወጥቷል። ከሱዳን በረሃ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ወዳጄ ሞቶ፣ ቤተሰቡ ሺቫ፣ የሰባቱን ቀን ሐዘን ተቀምጧል። ከአውቶቡስ ወርጄ የሐዘን ወረቀት የተለጠፈበት መግቢያ ሳይ መነጽሬን ከኪሴ ማውጣት ሰነፍኩ። ወረቀቱ ጥቁር ጠርዝ አለው፣ በሩ ተከፍቷል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይነበባል?

እኛ ዘንድ ለቅሶ ከደጅ ይጀመራል፤ ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ ነውር ነው። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ራሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወንድሜን ወንድሜን እያልኩ ገባሁ። የሚቀበለኝ ድምፅ ሲጠፋ ቀና አልኩ። ነጫጭ ፊቶች፣ የብስኩት ሰሃን እንደያዙ ደርቀው ያዩኛል። አንደኛው የጎረሰውን መዋጥ ረስቷል።

ሸሚዟ እንደ ሐዘንተኛ ደረቷ ላይ የተቀደደ ሴት ተነሥታ መጣችና በዕብራይስጥ አባቷን ከየት እንደማውቀው ጠየቀችኝ። አባቷ ወዳጅ አልነበረውም፤ እንዲህ የሚያለቅስለት ሰው ይመጣል ብላም አላሰበችም። ዓይኗ ይለምነኛል። ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከውሸት ጋር ደግሞ የሩቅ ሰዎች አይደለንም። ግን አላስቻለኝም።

«ልጄ፣ በር ተሳስቼ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ትከሻዬ ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች። ከቀብሩ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልወጣት ብሎ ድንጋይ የሆነች መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። እኔም ለማላውቀው አባቷ እንደ አዲስ አነባሁ።

ለሰው ሐዘን ለምን ተሰጠው? ፍርሃትስ ከጅብ ያስመልጣል፤ ቁጣም ድንበር ያስከብራል። ሐዘን ግን ሟችን አይመልስ፤ ጉልበት ብቻ ይጨርሳል። ጎንደር ሳለን በሬ በታረደበት ቦታ ከብቱ ተሰብስቦ፣ መሬቱን እያሸተተ ሲያጓራ አይ ነበር። ዱላ አይመልሰውም። ከሌላ መንጋ የመጣው፣ በሬውን የማያውቀው እንኳ ያጓራል። ያቺን ሴት ደግፌ እንደቆምኩ እነዚያ ከብቶች ትዝ አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ደግሞም ደክሞኛል።

የወዳጄ ቤት ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ነበር። ደረጃውን አቃስቼ ወጥቼ ስደርስ ድምፄ ሰልሏል። ደጅ ላይ ቆሜ ብታገል ብታገል፣ እንደ ነጠፈች ላም ጠብ የሚል ጠፋ። ለባዕድ ያንን ሁሉ አፍስሼ ለወንድሜ ባዶዬን ቆምኩ። ሴቶቹ ተያዩ። የወዳጄ ሚስት ከፍራሹ ላይ ሆና ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ እንባህን የት ደፍተኸው መጣህ?»

የሆነውን ስነግራት ከንፈሯ ሊስቅ ዳዳውና ተወው። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከዚያ፣ የእኔዋ የሞተች ጊዜ ድምፅዋ እስኪዘጋ እንዳለቀሰችልኝ ለሴቶቹ ቀስ ብላ አወራቻቸው። ወቀሳ አልነበረም፤ ወቀሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አለብኝ» አልኳት።

«አለብህ» አለች።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ላይ ብቻዬን ልሞክር ብዬ ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ያቺ አንዲት ለቅሶ እስካሁን አለችብኝ።