የዳሌዬ ድምፅና ፋጡማ

ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እግሬን አንስቶ ሲመልሰው ዳሌዬ «ቀጭ» አለ። ድምፁን ስሰማ በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ውስጥ ለአብዮት በዓል ሰልፍ የምንለማመድበት ሜዳ ትዝ አለኝ።

ያኔም እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ዳሌዬ ይጮኽ ነበር። አንድ ቀን አሰልጣኙ ሰልፉን አስቆመና «ጣቱን የሚያጮኸው ማነው?» አለ። ፈራሁና አጠገቤ ወደቆመችው ጓደኛዬ፣ ወደ ፋጡማ ጠቆምኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ እያወቀች አልተናገረችም። ልምምዱ እስኪያልቅ በዚያ ፀሐይ ተንበረከከች።

ስንመለስ ጉልበቷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ እያራገፈች «ያምሻል?» አለችኝና መጋላ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰደችኝ። ወጌሻ የሆኑት አክስቷ ዳሌዬን በሰሊጥ ዘይት አሹኝ።

«አጥንትሽ ደህና ነው። የሚጮኸው ጅማቱ አጥንቱ ላይ ሲንሸራተት ነው። ለጥቂት ቀን እግርሽን አትወርውሪ፤ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለሽ አፍታቺው። ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

የጠየቁኝ ስለ ዳሌዬ ይሁን ስለ ፋጡማ አልገባኝም። ፊቴ እየነደደ አቀረቀርኩ።

«ፈርታ ነው» አለች ፋጡማ በእኔ ፈንታ።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አለኝ ዛሬ ባለሙያው እግሬን እንደያዘ።

«በልጅነቴ» አልኩት። ፋጡማን ይቅርታ ሳልጠይቃት መቅረቴን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።